«ይቻላቸዋል»፦ የውጫሌና የዋይታንጊ ውሎች

ሁለት መንግሥታት ሲዋዋሉ ስምምነታቸውን በየቋንቋቸው ጽፈው ሁለቱንም ቅጂ ይፈርማሉ። እያንዳንዱ ወገን የሚያነበውና የሚያምነው በራሱ ቋንቋ የተጻፈውን ስለሆነ፣ በቅጂዎቹ መካከል አንድ ቃል ከተዛነፈ የተፈረመው አንድ ውል መሆኑ ይቀርና ሁለት ይሆናል። መዛነፉ በፊርማው ዕለት እምብዛም አይታይም። ገሃድ የሚወጣው ከወገኖቹ አንዱ ውሉን መሠረት አድርጎ መብት ሲጠይቅ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን እንዲህ ያለ መዛነፍ የጦርነት ሰበብ የሆነባቸው ሁለት ውሎች በዓለም ታሪክ ጎልተው ይነሣሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1840 በብሪታንያ ዘውድና በኒው ዚላንድ የማኦሪ አለቆች መካከል ዋይታንጊ ላይ የተፈረመው ነው። ሁለተኛው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ፣ ውጫሌ ላይ በኢትዮጵያና በኢጣሊያ መካከል የተፈረመው ነው። ለሁለቱም ውሎች በተደጋጋሚ የሚሰጠው ማብራሪያ «ለዚያኛው ቋንቋ ቃል በዚህኛው ተመጣጣኝ አልተገኘለትም» የሚል ነው። ቅጂዎቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን ተመጣጣኙ ቃል በሁለቱም ቦታ እንደነበረና ሌላ ቃል እንደተመረጠ ይታያል።

የዋይታንጊ ውል፦ «ካዋናታንጋ» እና «ማና»

የዋይታንጊ ውል ሦስት አንቀጾች ብቻ ያሉት አጭር ጽሑፍ ነው። እንግሊዝኛውን ያዘጋጁት የዘውዱ መልእክተኛ ዊልያም ሆብሰንና ረዳቶቻቸው ሲሆኑ፣ ሚሲዮናዊው ሄንሪ ዊልያምስ ከልጃቸው ከኤድዋርድ ጋር በአንድ ሌሊት ወደ ማኦሪኛ መለሱት። ውሉን ከፈረሙት ከ500 በላይ አለቆች መካከል እንግሊዝኛውን ቅጂ የፈረሙት 39 ብቻ ናቸው። የቀሩት ሁሉ ያዩትም፣ የሰሙትም፣ የፈረሙትም ማኦሪኛውን ነው።

በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ አንቀጽ አለቆቹ ሉዓላዊነታቸውን ለንግሥት ቪክቶሪያ አሳልፈው ይሰጣሉ። ማኦሪኛው በዚህ ቦታ ያለው «ካዋናታንጋ» ነው። ቃሉ «ካዋና» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ «ካዋና» ደግሞ «ገቨርነር» የሚለው እንግሊዝኛ በማኦሪ አፍ የወሰደው መልክ ነው። ስለዚህ «ካዋናታንጋ» ማለት የአገረ ገዢ ሥራ፣ አገረ ገዢነት ማለት ይሆናል። ማኦሪዎች ቃሉን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ነበር፤ ጲላጦስ እዚያ «ካዋና» ተብሏል። አገረ ገዢ የሌላ ሰው ሹም እንጂ ንጉሥ እንዳልሆነ ከዚያው ንባብ ይረዱ ነበር።

ሁለተኛው አንቀጽ ክፍተቱን ያሰፋዋል። እንግሊዝኛው ለአለቆቹ የመሬታቸውን፣ የደናቸውንና የዓሣ ማስገሪያቸውን ይዞታ ያረጋግጣል። ማኦሪኛው በዚህ ፈንታ በመሬታቸው፣ በመንደራቸውና «ታኦንጋ» በሚባለው ሁሉ ላይ ሙሉ «ራንጋቲራታንጋ» እንዳላቸው ይናገራል። «ራንጋቲራ» አለቃ ነው፤ «ራንጋቲራታንጋ» የአለቃ ሙሉ ሥልጣን ነው። ማኦሪኛውን ያነበበ አለቃ የተረዳው የእንግሊዝ ንግሥት የራሷን ሰዎች ሥርዓት የሚያስይዝ አገረ ገዢ እንደምትልክና የእርሱ አለቅነት እንደማይነካ ነው።

ሉዓላዊነትን የሚሸከም ቃል በማኦሪኛ ነበር፤ «ማና» ይባላል። «ማና» ሥልጣንን፣ ክብርንና ሰውን የሚያስከብር መንፈሳዊ ኃይልን በአንድነት ይይዛል። የሰሜኑ አለቆች እ.ኤ.አ. በ1835 ነጻነታቸውን ባወጁበት ጽሑፍ በምድሪቱ ላይ ያላቸውን የበላይ ሥልጣን የገለጹት በዚሁ ቃል ነው። ያንን አዋጅ ወደ ማኦሪኛ በመመለስ የተሳተፉትም ራሳቸው ዊልያምስ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ሰው «ማና» የሚለውን ትተው «ካዋናታንጋ» ጻፉ። ማናውን ለባዕድ አሳልፎ እንዲሰጥ የተጠየቀ አለቃ ይፈርም ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

አለመግባባቱ እ.ኤ.አ. በ1845 በሰሜኑ ክፍል ጦርነት አስነሣ፤ በ1860ዎቹም የመሬት ጦርነቶች ተከተሉ። ኒው ዚላንድ ጉዳዩን የሚመረምር የዋይታንጊ ሸንጎ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። «ታኦንጋ» ማለት ውድ ሀብት ሁሉ ስለሆነ ቋንቋም ታኦንጋ ነው ብሎ ሸንጎው በ1986 ከወሰነ በኋላ፣ በ1987 ማኦሪኛ የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ሆኗል። በ2014 ደግሞ የሰሜኑ አለቆች በ1840 ሉዓላዊነታቸውን አሳልፈው አልሰጡም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ።

የውጫሌ ውል አመጣጥ

ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ በአምባሰል የምትገኝ ከተማ ናት። ውሉ የተፈረመበት ሥፍራ ይስማ ንጉሥ ይባላል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መጀመሪያ መተማ ላይ ከወደቁ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ዙፋኑን ለመያዝ የጦር መሣሪያና የውጭ መንግሥታት ዕውቅና ይፈልጋሉ። ምጽዋን በ1877 ዓ.ም. የያዘችው ኢጣሊያ ደግሞ ወደ ደጋው የምትወጣበትን መንገድ ትፈልጋለች። በኢጣሊያ በኩል የተደራደረው ለዓመታት በሸዋ ቤተ መንግሥት የኖረው ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ነው። በምኒልክ በኩል በአስተርጓሚነት ያገለገሉት ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ነበሩ።

ውሉ ስለ ድንበር፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ቆንስላዎችና ስለ ጦር መሣሪያ ማሳለፍ የሚናገር የወዳጅነት ውል ነው። የኋላውን ጠብ ለመረዳት ሦስት አንቀጾች ይበቃሉ። 16ኛው ውሉ ከአምስት ዓመት በኋላ ሊሻሻል እንደሚችልና ለዚህም የአንድ ዓመት ማስታወቂያ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። 17ኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስለሚኖራቸው ግንኙነት ይናገራል። 19ኛው አማርኛውና ኢጣሊያንኛው እኩል የጸኑ መሆናቸውን ያረጋግጣል።

አንዱ ግሥ በሁለት ቋንቋ

የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። «ይቻላቸዋል» መነሻው «ቻለ» ነው። በ«ተ» ተደራጊ ሆኖ «ተቻለ»፣ «ይቻላል» ይሆንና «አቸው» ይቀጠልበታል። ይህ «አቸው» ብዙ ሰዎችን አያመለክትም፤ ለአንድ የተከበረ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት ዝርዝር ነው። የቃሉ ጠቅላላ ፍች «ለእርሳቸው የሚቻል ነው» የሚል ነው። ነገሩ ለባለቤቱ ክፍት መሆኑን ይናገራል፤ ቢፈልጉ ያደርጉታል፣ ባይፈልጉ ይተዉታል። አማርኛ ግዴታን ሲፈልግ «ይገባል» አለው፤ «ግድ ነው» አለው። «መላላክ ይገባቸዋል» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር።

የኢጣሊያንኛው ቅጂ በዚህ ቦታ የያዘው ግሥ «ኮንሴንቴ» ነው። ፍቹ «ይስማማል»፣ «ይፈቅዳል» ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ሁሉ በኢጣሊያ መንግሥት ለመገልገል ይስማማሉ፤ የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ይህ ነው። በውል ቋንቋ አንድ ወገን «ተስማማ» ከተባለ የተስማማበትን የመፈጸም ዕዳ አለበት። ሮም አንቀጹን የተረጎመችው በዚህ መንገድ ነው። ኢጣሊያንኛ ለአማርኛው «ይቻላል» ቀጥተኛ ተመጣጣኝ አለው፤ «ፑኦ» የሚለው ግሥ ያንኑ ይላል። የዋለው ግን «ኮንሴንቴ» ነው።

አማርኛ የሰምና ወርቅ ቋንቋ ስለሆነ ቃሉ ከመነሻው ሁለት ፍች ነበረው የሚል አስተያየትም አለ። ከውጫሌ በስተምዕራብ ባለው ደጋ፣ ዛሬ ከተማው ኮን በሆነው በዋድላ፣ የቃል ፍች ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የዋድላ ቅኔ ቤት ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚጠራ ጉባኤ ሲሆን፣ ደቀ መዝሙሩ በአንድ ቃል ሁለት ፍች የሚያድርበትን ኅብር እየቆጠረና እየፈታ ይማራል። ኅብር እንዲኖር ቃሉ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሁለቱንም ፍች እኩል መሸከም አለበት። ለምሳሌ በግእዝ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» የሌብነት ግሥ ነው። በፊደል ቢለያዩም ዛሬ በጆሮ አንድ ናቸውና ባለ ቅኔው በአንዱ ሁለቱን ማሰማት ይችላል። «መላላክ ይቻላቸዋል» በሚለው ውስጥ እንዲህ ያለ ድርብ ፍች የለም። ግሡን በየትኛውም መንገድ ቢያዞሩት ግዴታ አይወጣውም። ልዩነቱ ያለው በአማርኛውና በኢጣሊያንኛው መካከል ነው።

ክፍተቱ የታየበት ጊዜ

ከፊርማው በኋላ ደጃዝማች መኰንን መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣሊያ ሄዱ። መስከረም 22 ቀን 1882 ዓ.ም. ኔፕልስ ላይ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከፍራንቼስኮ ክሪስፒ ጋር ተጨማሪ ውል ፈረሙ፤ ለኢትዮጵያ የአራት ሚሊዮን ሊሬ ብድርም ተስማሙ። መልእክተኛው ገና ኢጣሊያ እያሉ፣ ጥቅምት 2 ቀን፣ የሮም መንግሥት 17ኛውን አንቀጽ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። ማስታወቂያው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1885 በጸደቀው የበርሊን ጉባኤ ስምምነት 34ኛ አንቀጽ ላይ ነው። ያ አንቀጽ በአፍሪካ አዲስ ጥበቃ የሚመሠርት መንግሥት ለሌሎቹ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። በዚህ መንገድ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በጥበቃዋ ሥር የዋለች አገር አድርጋ አቀረበቻት። አብዛኞቹ መንግሥታት ዝም ብለው ተቀበሉ፤ የአውሮፓ ካርታዎችም ኢትዮጵያን በኢጣሊያ ይዞታ ማሳየት ጀመሩ።

ምኒልክ ይህን የተረዱት ከደብዳቤ መልስ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ከነገሡ በኋላ ዘውድ መጫናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጻፉ። ከለንደንና ከበርሊን የመጣው መልስ ወደፊት መልእክታቸው በኢጣሊያ በኩል እንዲተላለፍ የሚያሳስብ ሆነ። በአማርኛው መሠረት ይህን የሚጠይቅ ሰው ሊኖር አይገባም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሁለቱ ቅጂዎች ተመርምረው እንዲነበቡ አደረጉ። መስከረም 18 ቀን 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ በጻፉት ደብዳቤም አማርኛውና ኢጣሊያንኛው እንደማይገናኙና እርሳቸው የፈረሙት በወዳጅነት በኢጣሊያ መገልገል እንደሚቻላቸው እንጂ ግዴታ እንዳልሆነ ገለጹ።

ለማረም የተደረገ ሙከራ

አንቶኔሊ ነገሩን ለማስተካከል በ1883 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። የኢጣሊያ ችግር የቃሉ ብቻ አልነበረም። ለመላው አውሮፓ በይፋ ያስታወቀችውን ነገር «ትርጉሙ ተሳስቶ ነው» ብላ ብትሽር ክብሯ ይነካል። እቴጌ ጣይቱ በድርድሩ ላይ የመለሱት የሚታወሰው በዚህ ረገድ ነው፤ ኢጣሊያ ክብሯን እንደምትጠብቅ ሁሉ ኢትዮጵያም ክብሯን ትጠብቃለች የሚል አቋም ያዙ።

በጥር 1883 ዓ.ም. ማብቂያ አንድ ጽሑፍ ተፈረመ። አንቶኔሊ የተቀበለው 17ኛው አንቀጽ ባለበት የሚጸና መስሎት ነበር፤ አማርኛው ግን አንቀጹ መሠረዙን ይናገር ነበር። ልዩነቱ ሲገለጥለት በቁጣ ድርድሩን አቋርጦ አዲስ አበባን ለቀቀ። በውጫሌ ኢጣሊያንኛ የማያነብ ወገን ኢጣሊያንኛውን ቅጂ አልመረመረም። አዲስ አበባ ላይ ያው ክፍተት በተቃራኒው አቅጣጫ ሠራ።

በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ምኒልክ የግዛታቸውን ወሰን የሚዘረዝር ደብዳቤ ለአውሮፓ መንግሥታት ላኩ። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ደግሞ ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። የጊዜው ምርጫ የውሉን 16ኛ አንቀጽ የተከተለ ነበር። አምስቱ ዓመት በሚያዝያ 1886 ዓ.ም. ስለሚሞላ፣ ማስታወቂያው ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ወጣ። በዚህም ማስታወቂያው ውሉ ራሱ ያስቀመጠውን ጊዜ ጠበቀ።

ከቃል ወደ ጦርነት

የኢጣሊያ መንግሥት የምኒልክን ማስታወቂያ አልተቀበለም። ኢጣሊያ ከኤርትራ ወደ ትግራይ ገፋች። የክተት አዋጁ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ታወጀ፤ ጦሩም ወሎ ውስጥ ወረኢሉ ላይ ተሰበሰበ። ውሉ የተፈረመበት አገር ውሉን ለማፍረስ የዘመተው ጦር መነሻ ሆነ። የወሎው ራስ ሚካኤል ፈረሰኞቻቸውን፣ ዋግሹም ጓንጉል የዋግና የላስታን ጦር ይዘው ተሰለፉ። ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ የተጀመረው ውጊያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በኢትዮጵያ ድል ተደመደመ። የክሪስፒ መንግሥትም ወደቀ።

ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. የተፈረመው የአዲስ አበባ የሰላም ውል ለቃሉ ጥያቄ የማያሻማ መልስ ሰጠ። ሁለተኛው አንቀጽ የውጫሌ ውል ለዘለቄታው መሻሩን ይገልጻል። ሦስተኛው ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት ያለ አንዳች ገደብ መቀበሏን ያረጋግጣል።

ስህተት ነበር ወይስ ተንኮል?

የታሪክ ጸሐፊዎች የተከራከሩት በአንቶኔሊ ሐሳብ ላይ ነው። ስዊድናዊው ስቬን ሩበንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት ጥናት የአማርኛው ግሥ ግዴታን እንደማይይዝ፣ አንቶኔሊም ልዩነቱን ሳያውቅ ሊቀር እንደማይችል ተከራከሩ። ኢጣሊያዊው ካርሎ ጂሊዮ በበኩላቸው የአንቶኔሊን ቅንነት በመደገፍ መልስ ሰጡ። ሁለቱም የአማርኛው ቅጂ ከኢጣሊያንኛው መለየቱን አልካዱም፤ የተለያዩት ልዩነቱ ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው። በዋይታንጊም ክርክሩ ተመሳሳይ መልክ አለው። ዊልያምስ «ማና» የሚለውን የተዉት አለቆቹ እንዳይደነግጡ ነው የሚሉ አሉ፤ በችኮላ ስለ ሠሩ ነው የሚሉም አሉ።

ሁለቱን ውሎች አንድ የሚያደርጋቸው ይህ ነው። በሁለቱም ወሳኙ ቃል ሥልጣንን የሚነካ ነበር። በሁለቱም ከባዱን ትርጉም የያዘው በአውሮፓ ቋንቋ የተጻፈው ቅጂ ሲሆን፣ የአገሬው ቅጂ ቀላሉን ያዘ። በሁለቱም የአገሬው ቋንቋ ከባዱን ቃል ያውቀው ነበር፤ አማርኛ «ይገባቸዋል»፣ ማኦሪኛ «ማና» ነበረው። የሚለያቸው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኢትዮጵያ የራሷን ቅጂ በራሷ ፊደል የምታነብ፣ ደብዳቤ የምትጽፍና ጦር የምታሰልፍ መንግሥት ስለነበረች ክርክሩን በሰባት ዓመት ውስጥ ቋጨችው። የማኦሪ አለቆች ንባብ በሸንጎ ለመደመጥ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ወሰደ።

የዛሬው ሕግ

እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የቪየና የውሎች ሕግ ስምምነት በ33ኛው አንቀጹ ስለ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይደነግጋል። በሁለት ቋንቋ የጸና ውል በሁለቱም እኩል ኃይል አለው፤ አንዱ ቅጂ እንዲበልጥ ተዋዋዮቹ ካልተስማሙ በስተቀር። ቃላቱ በሁለቱ ቅጂዎች አንድ ፍች እንዳላቸው ይገመታል። ልዩነት ከተገኘና በሌላው የአተረጓጎም ደንብ ካልተፈታ፣ የውሉን ዓላማ ጠብቆ ሁለቱን በተሻለ የሚያስታርቀው ፍች ይመረጣል።

ይህ መለኪያ ለውጫሌ ቢውል 19ኛው አንቀጽ ወሳኝ ይሆናል። ቅጂዎቹ እኩል የጸኑ ስለሆኑ ኢጣሊያ በኢጣሊያንኛው ብቻ መብት ልትመሠርት አትችልም። ሁለቱን የሚያስታርቅ ፍች ከተፈለገም ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣሊያ መገልገልን እንደ አንድ የተከፈተ መንገድ ተቀበሉ የሚለው ይቀላል። ይህ ንባብ ከ«ኮንሴንቴ» ጋር ሊስማማ ይችላል፤ የግዴታው ንባብ ግን ከ«ይቻላቸዋል» ጋር በምንም መንገድ አይስማማም። የወዳጅነትና የንግድ ውል መሆኑም ወደ ቀላሉ ፍች ያደላል። ምኒልክ ለኡምቤርቶ በጻፉት ደብዳቤ የያዙት መከራከሪያም በመሠረቱ ይኸው ነበር።